በወር 15 ሸቅል ትንሽ ገንዘብ አይደለም
በአጋሚም ሰፈር በተደረገ የወላጆች ምሽት የቀረበ ንግግር

እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶችም ወንበር አለ፣ ቀረብ በሉ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ከሪቫሃ ነኝ» ስል የአንዳንዶቻችሁ ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። እዚሁ አገር ብወለድም ያደግሁት «ሪቫሃ በር ካንኳኳ ነገር አለ» በሚባልበት ቤት ነው። ዛሬ ግን የማንንም ቤት ልጠይቅ አልመጣሁም። ስልካችሁ ውስጥ ስላለ ነገር ላወራ ነው የመጣሁት። አማርኛዬ ሲሰናከል አርሙኝ፤ ዕብራይስጥ ከተቀላቀለብኝም ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፉት ወራት ለሌላ ጉዳይ ወደ ቢሯችን የመጡ ሰዎች፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ በሩ ጋ ቆም ይሉና አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል። «የኔ ልጅ፣ ይሄ በትንሽ ገንዘብ አክሲዮን የሚገዛው አፕሊካጽያ እውነት ነው?» «ልጄ በየወሩ እየከፈለ ነው፤ እኔም ልግባ?» ከሠራዊት በቅርቡ የወጣ አንድ ወጣት ደግሞ ሁለቱን ስልኩ ላይ አውርዶ «የቱን ልምረጥ?» አለኝ። እኔ የኢንቨስትመንት አማካሪ አይደለሁም። በዚህ አገር ያንን ምክር ለመስጠት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ የለኝም። ስለዚህ «ይሄን ግዙ፣ ያንን ሽጡ» አልላችሁም። ሒሳብ ግን አብረን መሥራት እንችላለን።

መጀመሪያ አፕሊካጽያው ምን እንደሚሠራ እንይ። የአሽራይ ካርዳችሁን ከእሱ ጋር ታያይዛላችሁ። ሱቅ ገብታችሁ 13 ሸቅል ከ40 አጎራ ስታወጡ፣ እሱ 14 አድርጎ ይቆጥርና 60 አጎራዋን ለብቻ ያስቀምጣል። ሳንቲሙ ሲጠራቀም የኢንቨስትመንት ፈንድ ቁራሽ ይገዛላችኋል። ፈንድ ማለት እንደ ትልቅ ድስት ነው፤ ከብዙ መቶ ኩባንያዎች ትንሽ ትንሽ አክሲዮን የተቀላቀለበት። እናንተ አንድ ጭልፋ ትወስዳላችሁ። አንዱ ኩባንያ ቢወድቅ ድስቱ አይደፋም። ገበያው በሙሉ ሲወርድ ግን ድስቱም ይጎድላል፣ የእናንተም ጭልፋ አብሮ ይጎድላል። ይህንን ማስታወቂያው በትንሽ ፊደል ነው የሚጽፈው።

ይህን ሳንቲም የማጠራቀም ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው አኮርንስ የሚባል የአሜሪካ አፕሊካጽያ ነው። በ2014 ለሕዝብ ሲከፈት ትንሽ ገንዘብ ያለውን ሰው በወር 1 ዶላር ነበር የሚያስከፍለው፤ በኋላ ዝቅተኛው ክፍያ 3 ዶላር ሆነ። 3 ዶላር ቀልድ ትመስላለች። አካውንቱ ውስጥ 100 ዶላር ብቻ ላለው ሰው ግን በዓመት 36 ዶላር ናት። ከመቶው 36 ሄደ ማለት ነው።

እኔም ገብቼበታለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንዱን አውርጄ በወር 15 ሸቅል መክፈል ጀመርኩ። ክፍያው በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ያላሰላሁት እኔ ነኝ። በወር 80 ሸቅል ያህል ይጠራቀምልኝ ነበር። አፕሊካጽያው በየሳምንቱ አረንጓዴ ቀስት እያሳየ ያወድሰኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ዓርብ ቡና ተፈልቶ ስልኩን ለእናቴ አሳየኋት። እናቴ ፊደል የቆጠረችው እዚህ መጥታ ኡልፓን ውስጥ ነው፤ እቁብ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጥል የኖረች ናት። ስልኩን አየት አደረገችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ዳኛው ስንት ይወስዳል?»

ለወጣቶቹ ልግለጽላቸው። የእቁብ ዳኛ ገንዘቡን የሚሰበስበው፣ ዕጣውን የሚያወጣው፣ ያልከፈለውን የሚጠይቀው ሰው ነው። በብዙ እቁብ የድካሙ ዋጋ የመጀመሪያውን ዕጣ መውሰድ ነው፤ እሱም ቢሆን በኋላ እንደማንኛውም ሰው እየከፈለ ይጨርሳል። እናቴ የጠየቀችው ይህንን ነው። እኔ መልስ አልነበረኝም። ዲግሪ ይዤ መልስ አልነበረኝም!

በዚያው ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በዓመት ያስገባሁት 80 ሲባዛ በ12፣ 960 ሸቅል ነው። የከፈልኩት 15 ሲባዛ በ12፣ 180 ሸቅል። ያውም 960ው በአንድ ቀን አልገባም፤ በየወሩ ጠብ ጠብ እያለ ነው የገባው። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ አካውንቱ ውስጥ የነበረኝ 520 ሸቅል ነበር። 180ውን ለመመለስ ብቻ፣ ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ እንዳይኖር ብቻ፣ ገንዘቤ በዓመት ከ34 በመቶ በላይ ማደግ ነበረበት። እንዲህ ያለ ዓመት በአክሲዮን ገበያ ብርቅ ነው። አረንጓዴው ቀስት ግን ክፍያውን አይቆጥርም፤ ክፍያው የሚወጣው ከአሽራይ ካርዴ ነበር፣ ሌላ ገጽ ላይ።

አሁን ከሌላ መንገድ ጋር እናወዳድረው። ኩፓት ገመል ለሀሽቃአ የሚባል ነገር አለ፤ ከ2016 ጀምሮ ማንም ሰው መክፈት የሚችለው የኢንቨስትመንት ቁጠባ ነው። እዚያ ዳኛው የሚወስደው በመቶኛ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ በዓመት ካለው ገንዘብ 1.05 በመቶ፣ ከሚገባው ገንዘብ ደግሞ 4 በመቶ ነው። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ቢያስከፍሉኝ እንኳ ያ ዓመት 44 ሸቅል ያህል ነበር የሚያወጣኝ፤ ተከራክሮ ደግሞ ማስቀነስ ይቻላል። 44 እና 180 አስተያዩ።

በሌላ በኩል ደግሞ ፍትሐዊ ልሁን። ተቃራኒው ያለበት ሰው አለ። 100 ሺህ ሸቅል ያለው ሰው ከሆናችሁ፣ 1.05 በመቶ ማለት 1,050 ሸቅል ነው፤ በወር 15 ሸቅል ግን ያው 180 ነው። ለእሱ ወርሃዊው ክፍያ እጅግ ርካሽ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት 17 ሺህ ሸቅል አካባቢ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ለትንሽ ሰው ተብሎ የተሠራው፣ በትንሽ ሰው ቋንቋ የሚያስተዋውቀው ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ የሚከብደው በትንሹ ሰው ላይ ነው። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

እቁብ ይሻላል እያልኩ አይደለም። እቁብ ገንዘብን አያሳድግም፣ አንድ ሰው ዕጣውን ወስዶ ቢጠፋም ፍርድ ቤት የምታሳዩት ወረቀት የላችሁም። የእናቴ ጥያቄ ግን ለማንኛውም አፕሊካጽያ ይሠራል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የምነግራችሁ ታሪክ የአንድ ሰው አይደለም፣ ማንም እንዳይታወቅ ከብዙ ሰው ቀላቅዬዋለሁ። አንዲት እናት፣ ጠዋት አንድ ቦታ ታጸዳለች፣ ማታ ሌላ ቦታ። ሦስት ልጆች አሏት። ባንክ ውስጥ 5 ሺህ ሸቅል ሚኑስ አላት። ትልቁ ልጇ አፕሊካጽያ ጭኖላት በወር 100 ሸቅል ታስገባለች፣ 15 ትከፍላለች። «ለልጆቼ እየቆጠብኩ ነው» ብላ በኩራት ነገረችኝ። እኔ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ሒሳቡ ታየኝ። የሚኑሱ ወለድ በዓመት 12 በመቶ ቢሆን፣ 600 ሸቅል ለባንኩ ትከፍላለች። በቀኝ እጇ 1,200 እየቆጠበች በግራ እጇ 780 ታፈሳለች። የእስራኤል ባንክ ወለድ በ2022 ጸደይ 0.1 በመቶ ነበር፤ በግንቦት 2023 4.75 ደርሷል። ፕራይም የሚባለው በዚያ ላይ 1.5 ይጨምራል፣ ሚኑስ ደግሞ ከፕራይም በላይ ነው። ማሽካንታ ያለባችሁ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በየወሩ ቀምሳችሁታል።

ሚኑስን መክፈል ኢንቨስትመንት ነው ስላት ሳቀችብኝ። ግን ነው። 12 በመቶ የሚያስከፍላችሁን ዕዳ ስትዘጉ፣ 12 በመቶ በእርግጠኝነት አተረፋችሁ ማለት ነው፤ ያንን የሚያረጋግጥላችሁ አፕሊካጽያ የለም። አረጋግጣለሁ የሚል ካለም ሽሹት። በወር 115 ሸቅሉን ወደ ሚኑሱ ስታዞረው በዓመት 1,380 ነው። ትንሽ ቆየችና ግን እንዲህ ጠየቀችኝ፦ «እሺ፣ ሀብታም ገንዘቡን ያሳድጋል። ድሃ የት ያሳድግ?»

ይህ ጥያቄ ሲያስተኛኝ አላደረም። መልስ ያለው ይመስለኛል፣ ያውም ብዙዎቻችሁ እጃችሁ ላይ ሆኖ ያልነካችሁት።

ከጥር 2017 ጀምሮ ቢቱዋህ ለኡሚ ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ 50 ሸቅል ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወዲህ ከኑሮ ውድነት ጋር ጥቂት ከፍ ብሏል። ሂሳኮን ለኮል የለድ ይባላል። ወላጅ ከፈለገ ከቂጽባት የላዲም ላይ ተጨማሪ ያን ያህሉን ለልጁ እንዲያስቀምጡ ማዘዝ ይችላል። ገንዘቡን በባንክ ወይም በኩፓት ገመል ማድረግ ይቻላል። እናቴ የጠየቀችውን ጥያቄ እዚህ ጠይቁ፦ ዳኛው ስንት ይወስዳል? ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው የኩፓት ገመሉን ድሜይ ኒሁል የሚከፍለው ቢቱዋህ ለኡሚ ነው። ከእናንተ ዜሮ። በዚህ አገር ለትንሽ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ውል አላየሁም። 50 ብቻ ለ18 ዓመት ቢገባ፣ ምንም ትርፍ ሳይቆጠር 10,800 ሸቅል ነው። እጥፍ ካደረጋችሁት 21,600። በተወሰኑ ዕድሜዎች ላይ ደግሞ ቢቱዋህ ለኡሚ ስጦታ ይጨምርበታል። ልጁ ከ18 እስከ 21 ባለው ጊዜ ማውጣት የሚችለው በወላጅ ፈቃድ ነው፤ ከ21 በኋላ በራሱ።

ወላጅ ካልመረጠ ቢቱዋህ ለኡሚ ራሱ ይመርጥለታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚያመኝ። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ይመጣል፣ ፍሪጁ ላይ ይለጠፋል፣ ቀኑ ያልፋል። በኩፓት ገመል ያለ ገንዘብ ግን መስመሩ ሊቀየር ይችላል፤ አክሲዮን የሚበዛበት አለ፣ የማይበዛበት አለ፣ በሃላኻ የሚመራም አለ። የሁለት ዓመት ሕፃን ገንዘቡ እስኪነካ ረጅም ጊዜ አለው፣ ገበያው ወርዶ እስኪነሣ መጠበቅ ይችላል። የ17 ዓመት ልጅ መጠበቅ አይችልም። ዛሬ ማታ ቤት ገብታችሁ የልጃችሁ ገንዘብ የት እንዳለ እዩ። ያቺ እናት ስታይ የሦስቱም ልጆቿ ገንዘብ እሷ ባልመረጠችው ቦታ ሲጠራቀም ነበር።

ሁለተኛው የጡረታ ገንዘብ ነው። ከ2008 ጀምሮ አሠሪ ለሠራተኛው ፔንሲያ የማስገባት ግዴታ አለበት። በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በቃብላን የሠራችሁ ሰዎች፣ ቃብላኑ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ኩፓ ተከፍቶላችሁ ሊሆን ይችላል። እዚህ 900 ሸቅል፣ እዚያ 3 ሺህ፣ የትም ተረስቶ ድሜይ ኒሁል እየበላው። የገንዘብ ሚኒስቴር ሀር ሀኬሴፍ የሚባል ድረ ገጽ አለው፤ በነጻ ነው፣ የመታወቂያ ቁጥርና መታወቂያው የተሰጠበትን ቀን አስገብታችሁ በስማችሁ የቱ ኩባንያ ጋ ገንዘብ እንዳለ ያሳያችኋል። አዲስ አፕሊካጽያ ከማውረዳችሁ በፊት ይህንን ክፈቱ። ትሉሻችሁ ላይም የፔንሲያ መስመር መኖሩን ተመልከቱ፤ ተቀንሶ ወደ ኩፓው ያልገባ ካለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለእሱ ነይ ካላችሁኝ እመጣለሁ።

ሦስተኛው እጃችሁ ላይ ያለው ገንዘብ ነው። ጥቅምት 2023 አሽቀሎን ውስጥ የነበረ ሰው፣ ሥራ በአንድ ቀን ሲቆም ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረውም። ለሁለት ለሦስት ወር የሚበቃ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ አይግባ፤ በሚያስፈልጋችሁ ቀን ገበያው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዓይነት ገንዘብ ባንኮች ራሳቸው ቀረን ካስፒት ይሸጣሉ፤ ባንኩ ለመግዣም ለመሸጫም ለመጠበቂያም ዓምላ አይወስድበትም። ዋስትና የለውም፣ ግን ከአክሲዮን ጋር አይወዳደርም፣ ረጋ ያለ ነው። የምትገዙትም አሁን ስልካችሁ ላይ ባለው የባንክ አፕሊካጽያ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ ሚኑስ የለባችሁም፣ የልጆቹ ገንዘብ ተስተካክሏል፣ አሁንም መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ አልከለክላችሁም። ወጣቶቹ በተለይ፤ መማር ጥሩ ነው። ያን ከሠራዊት የወጣ ወጣት ያልኩትን ልንገራችሁ። ሁለቱን አፕሊካጽያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና አንድ ወረቀት ወሰድን። ወርሃዊው ክፍያ ስንት ነው፣ ነጻ የተባለው ጊዜ መቼ ያልቃል፣ ከወርሃዊው ሌላ በግዢና በሽያጭ ላይ ምን አለ፣ ሸቅሉን ወደ ዶላር ሲቀይሩ ስንት ይወስዳሉ፣ ፈንዱ ራሱስ የራሱ ክፍያ አለው? ለመውጣት፣ ገንዘቡን ወደ ሌላ ለማዛወር ያስከፍላሉ? አንዱ ለመጀመሪያው ዓመት ነጻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ ግን የተጻፈው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፣ ሁለታችንም ዕብራይስጥ እንደ ውኃ የምንጠጣ ሰዎች! እሱን መረጠ፤ ነጻው ጊዜ የሚያልቅበትን ቀንም ከአንድ ወር አስቀድሞ እንዲያስታውሰው ስልኩ ላይ አስገባ። ትርፍ ቢያገኝ ከእውነተኛው ትርፍ 25 በመቶ ግብር እንዳለበትም ጻፈ።

ፈቃድም ጠይቁ። አፕሊካጽያ በር ብቻ ነው፤ በሩ ቢያምርም ከኋላው ማን እንዳለ ነው ቁም ነገሩ። አምና ካቻምና ኢትዮጵያ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ ከዘመዶቻችሁ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አንዱ አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። በስልክ ቢገዛም ከኋላው የታወቀ ድርጅት፣ የታወቀ ዋጋ፣ የተጻፈ ደንብ ነበር። ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ነበርና እኛን አይመለከተንም፤ «በእኔ በኩል ግዙ» ብሎ ለሚደውል ሰው ግን ይህንኑ መልሱለት። እዚህ አገር ደግሞ ተቃራኒውን አይተናል። ባይናሪ ኦፕሽን የሚባለው ንግድ ከእስራኤል ቢሮዎች በብዙ ቋንቋ በስልክ ይሸጥ ነበር፤ ብዙ ሰው ጥሪቱን አጥቶበት ክኔሴት በጥቅምት 2017 በሕግ ዘጋው። ዛሬም በሌላ ስም የሚደውሉ አሉ። ረሹት ኒያሮት ዔሬክ ድረ ገጹ ላይ ፈቃድ ያላቸውን ይዘረዝራል። ስሙ እዚያ ከሌለ፣ ወይም «ዛሬ ካልገባህ ያመልጥሃል» የሚል ከሆነ፣ ስልኩን ዝጉት። ባለጌ አትባሉም።

ተታልላችሁ የተመዘገባችሁ ካላችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ አታፍሩም። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገ ግዢን በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ የሚያስችል ሕግ አለ። 65 ዓመት ለሞላው፣ አካል ጉዳት ላለበት፣ አገር ከገባ 5 ዓመት ላልሞላው አዲስ ዖሌ፣ ሻጩ አነጋግሮት የተደረገ ግዢ ከሆነ ጊዜው እስከ 4 ወር ይደርሳል። ለሁሉም ዓይነት ግዢ እኩል አይሠራም፤ ስለዚህ ራሳችሁ «አለቀ» ብላችሁ አትተዉት፣ ወረቀቱን ወይም ስልኩን ይዛችሁ ኑ። አፕሊካጽያውን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የአሽራይ ዝርዝር ላይ በየወሩ መውጣቱን ይቀጥላል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኮምፒውተር ይዤ እመጣለሁ። መታወቂያችሁን፣ የመጨረሻ ሦስት ትሉሾቻችሁን፣ የአሽራይ ዝርዝራችሁን፣ ከቢቱዋህ ለኡሚ የመጣ ያልተከፈተ ደብዳቤ ካለም እሱን ይዛችሁ ኑ። አንድ በአንድ እንቀመጣለን፣ የማንም ወረቀት በሌላ ሰው ፊት አይነበብም። ያያችሁትን ቁጥር ወደ ፋይል አልጽፍም፣ ይህንን ቃል እገባለሁ።

እናቴ ዛሬ መጥታለች፣ ያቺ በነጭ ነጠላ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ናት። እስካሁን አሥራ አምስቱን ሸቅል እያነሳች ትስቅብኛለች። ስለ እቁብ የምትጠይቁ እሷን ጠይቁ፤ ቡናውም በእሷ በኩል ነው።